ከዋናው መስመር ጋር የሚጣመር አነስተኛ የፀሐይ ኃይል፦ ከፓኔሉ በፊት የሚመረጠው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ፦ የኤሌክትሪክ ብርሃን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ በመጀመሪያ የበራውም በጄኔሬተር ኃይል በቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ዛሬ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በሚጠራው ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የሚገኙት የአራዳና የፒያሳ ቤቶች፣ ሱቆችና መሥሪያ ቤቶች ኃይል የሚያገኙት ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ የቢሮው ሥራም የቤቱ ኑሮም አብሮ ይስተጓጎላል።

በጣሪያ ላይ የፀሐይ ፓኔል ተክሎ ከመስመሩ ጋር አጣምሮ ለመጠቀም የሚያነሣሡ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የታሪፍ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ሁለተኛው የፓኔል ዋጋ መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ገበያ የፓኔል የፋብሪካ ዋጋ ለአንድ ዋት ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ወርዶ ነበር።

የፓኔል ዋጋ መርከስ ግን ገዢውን ወደ ተሳሳተ ቅደም ተከተል ሊመራው ይችላል። ብዙ ጊዜ በቅድሚያ ፓኔል ይገዛል፤ ከዚያም ለፓኔሉ የሚስማማ ኢንቨርተር ይፈለጋል፤ በመጨረሻ ደግሞ ከመስመሩ ጋር ማያያዝ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠየቃል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ የቆጣሪና የፈቃድ ጉዳይ፣ ቀጥሎ በቀን የሚፈጀው ኃይል መጠን፣ ቀጥሎ ኢንቨርተር፣ ከዚያም ፓኔልና ባትሪ ይታያሉ። የአደጋ መከላከያዎቹ ደግሞ በማናቸውም ደረጃ ሊቀነሱ አይገባም።

የፀሐይ ኃይል ሥርዓት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከመስመር ውጪ ለብቻው የሚሠራ ነው። በኢትዮጵያ የፀሐይ ኃይል የተጀመረው በዚህ ዓይነቱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር የተተከለው 10.5 ኪሎ ዋት ሥርዓት ለ300 ያህል ቤተሰቦች አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ሁለተኛው ባትሪ ሳይኖረው ከዋናው መስመር ጋር ጎን ለጎን የሚሠራ ነው። ሦስተኛው መስመሩንም ባትሪውንም የሚጠቀም፣ በተለምዶ ሃይብሪድ የሚባለው ነው።

ስለ ሁለተኛው ዓይነት አንድ መሠረታዊ ነገር መታወቅ አለበት። ባትሪ የሌለውና ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራ ሥርዓት መብራት ሲጠፋ ፀሐይ እየበራም ቢሆን አብሮ ይጠፋል። ይህ የመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። መስመሩ ተቋርጦ ሳለ ከአንድ ቤት ጣሪያ የሚመነጨው ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ ውጪ ቢፈስ፣ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ በምሰሶ ላይ የወጣ የጥገና ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም ደረጃውን የጠበቀ ኢንቨርተር የመስመሩን መቋረጥ ተገንዝቦ በ2 ሰከንድ ውስጥ ራሱን እንዲያቋርጥ ይገደዳል። ይህን ችሎታ የሚፈትነው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ ኢ ሲ 62116 ይባላል።

ስለዚህ ዓላማው የኃይል ሒሳብ መቀነስ ብቻ ከሆነ ባትሪ የሌለው ሥርዓት ሊበቃ ይችላል። ዓላማው መብራት በሚጠፋበት ጊዜም ቢያንስ አምፖል፣ ማቀዝቀዣና ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ ከሆነ ግን ባትሪ ያለው ሥርዓት የግድ ነው። ይህ ሳይለይ የሚደረግ ግዢ ባለቤቱን በጨለማ ውስጥ ፓኔል እንዳለው ሰው ያደርገዋል።

ከግዢው በፊት የመጀመሪያው እርምጃ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከትና በጽሑፍ የተሰጠ መልስ መያዝ ነው። በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ የነበረው የቁጥጥር ሥራ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎችን የብቃት ማረጋገጫ መስጠትም ከዚሁ የቁጥጥር ሥራ የሚመደብ ነው።

ፈቃድ የሚያስፈልገው ለሥርዓት ሲባል ብቻ አይደለም። አንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ኃይል ወደ ውጪ ሲፈስ ወደ ኋላ አይቆጥሩም፤ በየትኛውም አቅጣጫ ያለፈውን ሁሉ እንደ ፍጆታ ይመዘግባሉ። በቅድመ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ደንበኛ ያለ ፈቃድ ኃይል ወደ መስመሩ ቢለቅ የሞላው ሒሳብ ከማትረፍ ይልቅ ቶሎ ሊያልቅበት ይችላል። ስለሆነም ኃይል ወደ መስመሩ መመለስ በጽሑፍ ካልተፈቀደ በስተቀር፣ ኢንቨርተሩ ወደ ውጪ ምንም እንዳይለቅ ተደርጎ መስተካከል አለበት። ይህም በቆጣሪው መውጫ ሽቦ ላይ በሚታሰር የኃይል መለኪያ ቀለበት አማካኝነት የሚፈጸም ነው። ቀለበቱ ቤቱ የሚፈልገውን መጠን ለኢንቨርተሩ ያሳውቃል፤ ኢንቨርተሩም ከዚያ በላይ አያመነጭም።

በሌሎች አገሮችም ጉዳዩ በደንብ የተገዛ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ መሠረት፣ ወደ መስመሩ ለሚመለስ ኃይል ለደንበኛው የሚያዝለት የመጠኑ ግማሽ ነው። በጀርመን በሰገነት ላይ ተሰቅለው በሶኬት የሚሰኩ አነስተኛ መሣሪያዎች የሚፈቀዱት የኢንቨርተራቸው አቅም ከ800 ቮልት አምፔር ሳይበልጥ፣ ተመዝግበውም ነው። እነዚህን የመሰሉ መሣሪያዎች ከውጪ አምጥቶ ዕድሜ ባስቆጠረ የሽቦ ዝርጋታ ላይ ባለ ሶኬት መሰካት፣ በመጡበት አገር የሚጠብቃቸውን ደንብና ቁጥጥር ትቶ መሣሪያውን ብቻ እንደመውሰድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው እርምጃ የኃይል ፍጆታን በሰዓት ለይቶ ማወቅ ነው። በወር መጨረሻ የሚታየው ጠቅላላ ኪሎ ዋት ሰዓት ለዚህ አይበቃም። ፀሐይ የምታመነጨው ቀን ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ደግሞ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 11፡30 ድረስ ብዙውን ጊዜ ባዶ ወይም ጥቂት ሰው ያለበት ነው። ወደ መስመሩ መመለስ ካልተፈቀደና ባትሪውም ከሞላ፣ በእኩለ ቀን ሊመነጭ ይችል የነበረው ኃይል ሳይመነጭ ይቀራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአማካይ 50 ዋት የሚፈጅ ማቀዝቀዣ፣ 10 ዋት የሚፈጅ የኢንተርኔት መሣሪያና 80 ዋት የሚፈጅ ቴሌቪዥን በቀኑ 9 ሰዓታት ውስጥ ቢሠሩ ፍጆታቸው ወደ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከምሽት እስከ ንጋት ባሉት 15 ሰዓታት ማቀዝቀዣውና ኢንተርኔቱ ሳይቋረጡ፣ ቴሌቪዥኑ ለ4 ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ አምስት አምፖሎች ደግሞ ለ5 ሰዓት ቢሠሩ ፍጆታው 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። በባትሪው ውስጥ የሚባክነው ሲታከል የቀኑ ጠቅላላ ፍላጎት ወደ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል።

የእንጀራ ምጣድ በዚህ ስሌት ውስጥ እንዳልገባ ልብ ይሏል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል። ይህን ከባትሪ ለመሸፈን መሞከር የሥርዓቱን ዋጋ በብዙ እጥፍ ያንረዋል። ከመስመሩ ጋር መጣመር ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀን በሚጋገርበት ጊዜ ፓኔሉ የቻለውን ያህል ሲያበረክት ቀሪውን መስመሩ ይሞላዋል። ምጣዱ ግን መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚሠራው ክፍል ውጪ በራሱ ብሬከር ከዋናው መስመር ጋር ተያይዞ መቀመጥ ይኖርበታል።

ለዚህ ቤት ስንት ፓኔል ይበቃል? ለአዲስ አበባ በዕቅድ ደረጃ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያዝና በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በኢንቨርተር የሚባክነው ተቀንሶ ሦስት አራተኛው ቢወሰድ፣ እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ ሁለት ፓኔሎች በቀን ወደ 4.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ደመና በሚበዛበት በሐምሌና በነሐሴ ሙሉ ፀሐዩ ወደ 3.5 ሰዓት ቢወርድ እንኳ ምርቱ 2.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ሁለት ፓኔሎች ፍላጎቱን ይሸፍናሉ ማለት ነው። አራት ፓኔሎች ቢተከሉ ወጪው ይጨምራል እንጂ በሥራ ቀናት የሚገኘው ጥቅም በእጥፍ አያድግም።

የመሥሪያ ቤቶች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሚፈጁ አሥር ኮምፒዩተሮች ያሉት ጽሕፈት ቤት በ8 የሥራ ሰዓታት 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ፍጆታውም ፀሐይ ከምትወጣበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። በተመሳሳይ ስሌት አራት ፓኔሎች በቀን 8.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጡ፣ ኃይሉ በአብዛኛው በባትሪ ውስጥ ሳያልፍ በቀጥታ ሥራ ላይ ይውላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ከሠራተኛው መኖሪያ ቤት ይልቅ ለዚህ ሥርዓት የተሻለ አመቺነት አለው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜና እሑድ የሚቀረው ምርት ግን በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ሦስተኛው እርምጃ ኢንቨርተሩን መምረጥ ነው። ኢንቨርተር ከፓኔሉ የሚመጣውን በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ፣ ዲሲ የተባለውን ኤሌክትሪክ፣ በቤት ውስጥ ወደሚያገለግለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ኤሲ ይለውጣል። ሃይብሪድ በሚል ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች መሆናቸውን ገዢው ሊያውቅ ይገባል። አንደኛው ከመስመሩ ጋር በአንድነት እየሠራ ጭነቱን የሚጋራ ነው። ሌላው ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ቤቱን ወደ መስመሩ የሚያዛውር ሲሆን፣ ወደ ውጪ ኃይል አይለቅም። ለመጀመሪያው ዓይነት የአይ ኢ ሲ 62116 እና የአይ ኢ ሲ 62109 የምስክር ወረቀቶች ሊጠየቁ ይገባል። ኃይል ለመመለስ ፈቃድ ላላገኘና ፍላጎቱ አነስተኛ ለሆነ ቤት ሁለተኛው ዓይነት በቂ ሊሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ በተለይ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ ከፍታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ግን ሙሉ አቅማቸው የተለካው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ መሣሪያን የማቀዝቀዝም ሆነ ኤሌክትሪክን የማገድ ችሎታው ይቀንሳል። ስለዚህ በመሣሪያው መግለጫ ላይ የሥራ ከፍታ የሚለውን መስመር ማንበብና አቅሙ ከ2,000 ሜትር በላይ በምን ያህል እንደሚቀነስ ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ለኢንቨርተር ብቻ ሳይሆን ለብሬከርም ይሠራል።

አራተኛው ፓኔሉ ነው። አይ ኢ ሲ 61215 የፓኔሉን ጥንካሬ፣ አይ ኢ ሲ 61730 ደግሞ ደኅንነቱን የሚመለከቱ ደረጃዎች ናቸው። ከዋቱ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ቮልቴጁ ነው። የ550 ዋት ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት 49.5 ቮልት ያህል ይሰጣል እንበል። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ 99 ቮልት ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር የተለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ከፍ ይላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሙቀቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲወርድ ሁለቱ ፓኔሎች 104 ቮልት ያህል ሊደርሱ ይችላሉ። የኢንቨርተሩ መግቢያ ከ100 ቮልት በላይ የማይችል ከሆነ በዚያ ማለዳ ይቃጠላል። በሌላ በኩል ሥራ ለመጀመር 120 ቮልት የሚሻ ኢንቨርተር በሁለት ፓኔል ፈጽሞ አይነሣም። በመሆኑም ሁለቱ የቮልቴጅ ወሰኖች ከግዢው በፊት በወረቀት ላይ መነጻጸር አለባቸው።

ስለ ጣሪያው ሁኔታም የሚታይ ነገር አለ። አንድ የ550 ዋት ፓኔል ወደ 2.3 ሜትር ርዝመትና 1.1 ሜትር ስፋት ሲኖረው 28 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በፒያሳ ባሉ ነባር ቤቶች ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት ያረጀ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሰሪያው በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን በእንጨቱ ላይ መያዝ አለበት። የነፋሱ ወደ ላይ የማንሣት ኃይልም ከክብደቱ ባልተናነሰ ይታሰባል። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት፣ የቀበሌ ቤት ወይም የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ከሆነ የባለቤቱን ወይም የማኅበሩን ፈቃድ ማግኘት ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሥፍራ መዛወራቸው ይታወሳል። ተፈትቶ ሊወሰድ የሚችል ማሰሪያ መምረጥ ከዚህ አንጻር የሚመከር ነው።

አቅጣጫን በተመለከተ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ጥርት ያለ ሰማይ የሚበዛው በበጋ ስለሆነ ወደ ደቡብ ማዘንበል ይመረጣል። ዝንባሌው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ዝናብ አቧራውን ለማጠብ ይመቸዋል። የአጎራባች ሕንፃ ጥላ ግን ከአቅጣጫ የበለጠ ጉዳት ስላለው በጠዋት፣ በእኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን መመልከት ያስፈልጋል።

ባትሪን በሚመለከት፣ ሊትየም ብረት ፎስፌት የተባለው ዓይነት ከያዘው ኃይል 80 በመቶውን በየቀኑ ቢሰጥ ዕድሜው በእጅጉ አይጎዳም። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ቤት 25.6 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የሊትየም ባትሪ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚይዝና 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሰጥ ለምሽቱ ይበቃል። ባትሪው የአይ ኢ ሲ 62619 ማረጋገጫ ያለውና ከኢንቨርተሩ ጋር መረጃ የሚለዋወጥ ሊሆን ይገባል። መኝታ ክፍል ውስጥም መቀመጥ የለበትም።

የመጨረሻዎቹ ዕቃዎች በዋጋ አነስተኛ ቢሆኑም የእሳት አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከእነርሱ ነው። የኤሲ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ በማቋረጫው ላይ የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ ይጠፋል። ዲሲ ግን ይህ ባሕርይ የለውም። ለኤሲ የተሠራ ብሬከር በፓኔል መስመር ላይ ቢገጠም ብልጭታው ሳይጠፋ ሊቀጥልና ሳጥኑን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በፓኔሉና በባትሪው በኩል ለዲሲ የተሠሩ ማቋረጫዎችና ፊውዞች ይገጠማሉ። ሽቦው ድርብ ልባስ ያለው፣ ፀሐይ የማይበላው፣ 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የሶላር ሽቦ መሆን አለበት። ማያያዣዎቹም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሊሆኑ ይገባል፤ ተመሳስለው የሚገጥሙ ሁሉ አንድ አይደሉም። የፓኔሉ ፍሬምና ማሰሪያው ከምድር ሽቦ ጋር ይታሰራሉ፤ መብረቅ በሚበዛበት ክረምት የሚያገለግል የቮልቴጅ ንረት መከላከያም በሁለቱም ወገን ይገባል።

በራሱ እጅ ሥራውን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ፍጆታውን መመዝገብ፣ ዕቃዎቹን መምረጥ፣ ጣሪያውን መለካትና ማሰሪያውን ማዘጋጀት ይችላል። ከቆጣሪው ሳጥን ጋር የሚደረገው ግንኙነትና የመጨረሻው ፍተሻ ግን የብቃት ማረጋገጫ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ነው። ፓኔል ብርሃን እስካገኘ ድረስ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም፤ በቀን ብርሃን የያዘው ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል አለው። ባለሙያው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎችን፣ የቮልቴጁን መጠን፣ የሽቦውን ልባስና የምድር ሽቦውን ፈትሾ ውጤቱን በጽሑፍ ማስረከብ ይኖርበታል።

ለመሥሪያ ቤት ግዢ የሚያዘጋጁ ኃላፊዎችም የጨረታ ሰነዱ ኢንቨርተር 3 ኪሎ ዋት በሚል አጭር አገላለጽ እንዳይወሰን ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። የሥራ ከፍታ፣ የመግቢያ ቮልቴጅ ወሰን፣ ወደ መስመሩ ኃይል ያለመልቀቅ ችሎታ፣ የደረጃ ምስክር ወረቀቶች፣ የዲሲ ማቋረጫዎች፣ የመለዋወጫ አቅርቦትና የዋስትና ዘመን በግልጽ መጻፍ አለባቸው። እነዚህ ባልተጻፉበት ጨረታ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ መከላከያዎቹን በመቀነስ ነው። የዚህ ቅነሳ ዋጋ ከሚከፈልባቸው አንዱ ደግሞ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የሚወጣው የጥገና ሠራተኛ ነው።